ቤዙ የጠፋባቸው እሁዶች

ማህላትሴ ሌድዋባ በራችን ላይ የቆመው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እኔ ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የአባቴን አሮጌ ካናቴራ ለብሼ ነበር። ፍቅር እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ቢሰጥ ኖሮ ቢያንስ ታጥቤ እጠብቀው ነበር።

«አውሲ፣ የንታቴ ማሼጎ ቤት ይሄ ነው?» አለ፤ እህቴ፣ የአባባ ማሼጎ ቤት ማለቱ ነው። የታቀፈው ካርቶን ፊቱን ሸፍኖታል፤ የሚታየኝ ግንባሩና ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው።

«ነው። አንተ ማነህ?»

«ሪሲቨሩን ልገጥም ነው። ኬፕታውን ያለው ወንድምሽ ነው ያዘዘው።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ፣ ከባድ ነው መሰለኝ።»

«ከባድስ ከባድ ነው» አለ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። «በሩ ላይ ቆመሽብኝ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ቆሜበት ነበር። እየሳቅሁ ዞር አልኩለት።

አባቴ የጃዝ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። በእኛ ሰፈር በማሜሎዲ እሁድ ከሰዓት ማለት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ተኩሰው፣ ባለ ሁለት ቀለም ጫማቸውን ወልውለው፣ ሸክላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነው። የአባቴ ማኅበርተኞች የሚሰበሰቡት ሁልጊዜ እኛ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ስፒከሮቹ እኛ ቤት ናቸው። ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች፣ ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የገቡ። እናቴ በሕይወት ሳለች በዳንቴል ትሸፍናቸው ነበር፤ ዳንቴሉን እስካሁን ያነሳው የለም።

ሽማግሌዎቹ ሲያዳምጡ ዝም ብለው አይቀመጡም። እያንዳንዱ በአየር ላይ የሚጫወተው የራሱ መሣሪያ አለው። ንታቴ ራንታኦ ከበሮ ናቸው፣ ንታቴ ስኮሳና ትራምፔት፣ ንታቴ ማትላላ ፒያኖ። አባቴ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ክር፣ ቤዝ ናቸው። ግራ እጃቸውን ከጆሯቸው አጠገብ ሰቅለው፣ በቀኝ ጣቶቻቸው ወገባቸው ላይ የሌለውን ክር እየሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አርባ ዓመት ተጫውተዋል። የሌላውን ሰው መሣሪያ መጫወት ነውር ነው። የባለቤቱን ስፒከር መንቀፍ ደግሞ የነውር ነውር ነው፤ የሰው ቤት ወጥ እየበሉ ጨው የለውም እንደ ማለት ነው።

በዚያ ክረምት ስፒከሮቹን የሚነዳው አሮጌ አምፕ በአንድ ጎኑ ሞተ። ወንድሜም ለአባቴ ሰባኛ ልደት ለቴሌቪዥኑም ለሙዚቃውም ይሁን ብሎ አዲስ የቤት ሲኒማ ሪሲቨር፣ ድምፅ ለስፒከሮች የሚያከፋፍል ማሽን ላከ። አባቴ ያን ሐሙስ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ማህላትሴን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ሲፈጸም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

«ይሄን ሽቦ ማነው የገጠመው?» አለኝ ከቀኙ ስፒከር ጀርባ ተንበርክኮ።

«አባቴ ናቸው። ምነው?»

«የግራው ልክ ነው። የቀኙ ግን ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ መግቢያ ላይ፣ ጥቁሩ ሽቦ ቀዩ ላይ ነው የገባው። ተገላቢጦሽ።»

«ዓይናቸው ደክሟል። እኔ እኮ መነጽር ቤት ነው የምሠራው፣ አንድ ቀን እንኳ ልመርምርዎት ብላቸው እሺ አይሉኝም።»

«ችግር የለውም፣ አስተካክለዋለሁ» አለና አስተካከለው። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። ያን ያህል ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌ የሠራውን ነገር ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳይጠይቁ የሚያቃና ሰው ምን እንደሚያመጣ ያኔ ሁለታችንም አላወቅንም።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ማይክሮፎን አወጣ። ማሽኑ ክፍሉን ሊለካ ነው አለኝ። ስፒከሮቹ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያወጣሉ፣ ማይክሮፎኗ ትሰማለች፣ ማሽኑ ያሰላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰው ትንፍሽ ማለት የለበትም።

«ስንት ጊዜ ነው የሚለካው?»

«ስድስት ቦታ። አባትሽ የሚቀመጡበት፣ ቀኙ፣ ግራው፣ ኋላው…»

«ስድስቱንም ጊዜ ዝም ልንል?»

«ዝም» አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያልኩ ነው የምውለው። ግን ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ቦታ መስኮቱን አየሁ። በሁለተኛው ጫማውን አየሁ። በሦስተኛው እጁን አየሁ፤ ረጃጅም ጣቶች ነበሩት፣ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። በአራተኛው ፊቱን ባየው እሱም ለካ ሲያየኝ ነበር። በአምስተኛው ሁለታችንም ጣሪያውን አየን።

በስድስተኛው የፀጉሬ ቀለም ከላስቲኩ ሾልኮ ግንባሬ ላይ ይወርድ ጀመር። ልጠርገው ብነቃነቅ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ዓይኔ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ማህላትሴ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣና በመጥረጊያ ጨርቁ ግንባሬን ጠረገልኝ። ማሽኑ «ሽሽሽ» ይላል። እኔ መተንፈስ ረስቻለሁ።

ለክቶ ሲያበቃ ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ የቀኙ ስፒከር ሽቦ ይፈተሽ። ማህላትሴ ሄዶ አየ። ቀዩ ቀዩ ላይ ነው። «አሮጌ ስፒከር ሲሆን ማሽኑ አንዳንዴ ይሳሳታል» አለ፤ እያየ የነበረው ግን እኔን ነው። «ዝለል» የሚለውን ተጫነ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰባት ቀለም የምንለውን የእሁድ ምሳ በሉ፣ ሩዙን፣ ዶሮውን፣ ቀይ ሥሩን፣ ዱባውን። አዲሱን ማሽን ከበው አደነቁ። አባቴ ሸክላውን አስቀመጡ፣ መርፌው ወረደ።

የሆነ ነገር ጎደለ። ትራምፔቱ በየግድግዳው ተበታትኗል፣ ፒያኖው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ቤዙ ግን ጭራሽ የለም። ድምፁ ሰፊ ነው፣ እግር ግን የለውም። አባቴ ግራ እጃቸውን ጆሯቸው አጠገብ ሰቀሉ፤ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ጠበቁ። ወለሉን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫወቱ ጀመር፣ በቃላቸው ከሚያውቁት።

ንታቴ ራንታኦ አባቴን አዩአቸውና እንደሚሰማ ሰው ከምቱ ጋር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ንታቴ ስኮሳናም ነቀነቁ። ንታቴ ማትላላም። እኔ ደግሞ ቤዙ ጠፋብኝ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አባቴ እየተጫወቱት ማን ነኝና ነው የለም የምለው? አዲስ ነገር እንዲህ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከበሮው ብቻውን የሚያንጎደጉድበት ቦታ ላይ ንታቴ ራንታኦ «ጨምሩት!» አሉ፣ አባቴ ድምፁን ጨመሩት፤ ማሽኑ ቀጭ አለና ጠፋ።

«ደከመው» አሉ ንታቴ ስኮሳና። ሁሉም ከልክ በላይ ሳቁ። ሳቃቸው ግራ ገባኝ፤ ከጭንቅ የተገላገለ ሰው ሳቅ ነበር።

ማህላትሴ ረቡዕ ተመልሶ መጣ። ስለ መጥፋቱ ነግሬው ነው። ስለ ቤዙ አልነገርኩትም።

«ስፒከሮቹ አራት ኦም ናቸው» አለ። «ማሽኑ የተሠራው ከስድስት በላይ ላለው ነው።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«የድሮ ስፒከር ጉልበት ይጠጣል። ይሄ ማሽን ደግሞ የለመደው ለአምስት ስፒከር ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል እነዚህ ሁለቱ ባንዴ ይጎትቱታል፤ ይግልና ራሱን ያጠፋል። የአባትሽን አሮጌ አምፕ ልውሰድና ልጠግነው። ሪሲቨሩ አእምሮ ይሁን፣ አምፑ ጉልበት። ሁለቱን አያይዛቸዋለሁ። እስከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጉት።»

ለአምፑ የሚያስፈልገው ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ማህላትሴ በየሁለት ቀኑ በምሳ ሰዓት መነጽር ቤት እየመጣ «ዕቃው አልመጣም» ይለኛል። ስልክ አለው፣ ቁጥሬም አለው። ለዚህች ቃል ብሎ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል። ከዚያ ጥግ ያለው ሱቅ ሄደን ኮታ እንበላለን፤ ዳቦው ተፈልፍሎ ድንች ጥብስና ቋሊማ የሚሞላበት። ስለ ኦም ያወራኛል፣ ስለ ሽቦ ውፍረት ያወራኛል። ሰውየው የሚፈልገው እኔን ነው ወይስ አድማጭ? ማታ ማታ ያለውን ሁሉ እያስታወስኩ ፍቅር የምትመስል ቃል ስፈልግ አንድም አላገኝም። ያኔ ግንባሬን የጠረገበት ጨርቅ ግን ሁልጊዜ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ።

ቤት ደግሞ አባቴ ተለወጡ። በሥራ ቀን ሸክላ ማስቀመጥ ተዉ። አንድ ጠዋት ጆሯቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው።

«ምን ያደርጋሉ አባዬ?»

«ይሠራ እንደሆነ ላጣራ ብዬ ነው» አሉ።

እሁድ እሁድ ማኅበርተኞቹ ይመጣሉ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከወትሮው ቀደም ብለው ይሄዳሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰባት እሁድ እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ኮታችንን ስንበላ አላስችል አለኝ።

«ማህላትሴ፣ ዕቃው ሲመጣስ?»

«አምፑን እጠግናለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አያይዘዋለሁ።»

«ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ምን ብለህ ልትመጣ ነው?»

ድንቹን አስቀመጠ፣ ጣቶቹን ጠረገ። «አጎቶቼን ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

ትን አለኝ። ውሃ አቀበለኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ።

«አሁን እየጠየቅሁሽ ነው።»

«ይሄ መጠየቅ ነው?»

«ግራ ገብቶኛል ቦይፔሎ። ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ሰባት ሳምንት አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ዕቃው ብቻ ነው። ትናንት ደርሷል።»

እንግዲህ እንዲህ ተጠየቅሁ። እሺም ያልኩት አፌ ሙሉ ምግብ ሆኖ ነው። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ አምፑን ይዞ መጣ። አባቴ አልነበሩም። ያን ቀን ጠዋት የአጎቶቹ ደብዳቤ በወጉ መሠረት እጃቸው ገብቷል፦ ስለ ጋብቻው ለመነጋገር በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንምጣ ወይ የሚል። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። እኔ አጠገቡ ባለመኖሬ ይመስለኛል ማህላትሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ከፍቶ ያዳመጠው። ሙዚቃው ተቋረጠ። የካቻቢቴ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ።

ድንገት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንዘረዘሩ ጀመር። ቤዝ! ጭልፋዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሰባት ሳምንት የጠፋ ዘመድ በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ።

ማህላትሴ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የቀኙ ስፒከር ፊት ተፈትቷል። በባትሪ የሳጥኑን ውስጥ አሳየኝ። እንጨቱ ላይ በእርሳስ፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ፦ «ቀዩ ጥቁር ነው። ሚያዝያ 1994።»

አባቴ ያኔ የተቀደደውን የስፒከሩን የሚርገበገብ ወረቀት ሲቀይሩ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች አገላብጠው በይደዋቸዋል። ብየዳውን ከመፍታት ብለው በውጭ በኩል ያለውንም አገላበጡት፤ ተገላቢጦሽ በተገላቢጦሽ ቀና። ማህላትሴ አንዱን ሲያቃና ሁለቱ ስፒከሮች ተጣሉ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም በመሃል ይጠፋል።

«ማሽኑ ነግሮኝ ነበር» አለ ማህላትሴ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ የዘለልኩት። ለአባትሽ አትንገሪያቸው።»

«ለምን?»

«ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ነው። የሽማግሌ ሥራ ሳይጠይቅ ላበላሸ ሰው ማነው ልጁን የሚሰጠው? አሁን ተስተካክሏል እኮ። ማንም ሳያውቅ አለፈ በቃ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ሰው አስገድዶኝ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን በገዛ ፈቃዴ ነው።

በስምንተኛው እሁድ መርፌው ሲወርድ ቤዙ ወለሉን አንቀጠቀጠው። ንታቴ ማትላላ በለሆሳስ «ተመስገን» ሲሉ ሰማኋቸው። ንታቴ ራንታኦ አዲስ የጆሮ መስሚያ አድርገው መጥተው ነበር፤ እሱን እየነካኩ ፈገግ አሉ። አባቴ ግን እጃቸውን እንደሰቀሉ ቀሩ። ቀስ ብለው አወረዱት። ተነስተው ወደ ጓሮ ወጡ።

ልብስ ማስጫው ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ሰባት እሁድ ቤዝ አልሰማሁም» አሉኝ ሳያዩኝ። «እየተጫወትኩ የነበረው በውሸት ነው። ጆሮዬ አርጅቷል ብዬ ተቀበልኩት፤ እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል። ዛሬ ግን ተመለሰ። የሞተ ጆሮ አይመለስም ልጄ። ይሄ የጆሮ አይደለም፣ የጭንቅላት ነው። አያትሽን እንዲህ ነበር የጀመራቸው። ያለው ይጠፋል፣ የጠፋው ይመጣል። በመጨረሻ እኔን ማነህ አሉኝ።»

«አባዬ…»

«ለሌድዋባዎች አትምጡ ብዬ ልጽፍ ነው። ቃል የሚሰጥ ሰው ጭንቅላቱ አብሮት መሆን አለበት። ቅዳሜ የሰጠሁሽን እሁድ ብረሳስ? በማን ፊት ልዋረድ? ሊቀመንበርነቱንም ለራንታኦ እተወዋለሁ። ስፒከሮቹንም እሱ ይውሰዳቸው።»

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ሽቦውን፣ ማሽኑን፣ የእርሳሱን ጽሑፍ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጉንጬን ዳበሱኝ።

«እናትሽም እንዲህ ነበረች» አሉ። «ስታጽናና ታሳምራለች።»

ሰኞ ማህላትሴ ሱቅ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኩት። እጁ ላይ የነበረው ፒንሳ ወደቀ።

«እኔን አላመኑኝም» አልኩት። «እሁድ መጥተህ ንገራቸው። በሰዎቹ ሁሉ ፊት፤ ብቻቸውን ከሆኑ እኔ የላክሁህ ነው የሚመስላቸው።»

«ሐሙስ የመጣሁት አባትሽ ስለሌሉ ነው፤ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ እኮ ወንዱ የልጅቷን በር አይረግጥም። አጎቶቼ ያብዱብኛል።»

«ካልመጣህ ያ ቅዳሜ የለም።»

«ብመጣም ላይኖር ይችላል።»

«አዎ» አልኩት። «ላይኖር ይችላል።»

እንድቆይ ለመነኝ፤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ወደድኩት ወይስ ጠላሁት፣ የቱ እንደሆነ ራሴም አላወቅሁም።

እሁድ ምሳ ተበላ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባቴ መልቀቂያቸውን በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሸክላ ሊቀመጥ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ።

ማህላትሴ ነው። ሱፍ አልለበሰም፤ የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ።

አባቴ ብድግ አሉ። «የአጎቶችህ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንተ በሬ ላይ ምን ትሠራለህ? ወግ አታውቅም?»

«ልጅዎን ብዬ አልመጣሁም ንታቴ» አለ። «እንደ ሠራተኛ ነው የመጣሁት። ያበላሸሁት ሥራ አለ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት። እሱ ገባ። በሁሉም ፊት ተንበርክኮ ነገራቸው። ሽቦውን ሳይጠይቅ እንዳቃና፣ ማሽኑ አስጠንቅቆት እንደዘለለ፣ ከሰባት እሁድ በኋላ ደብቆ እንደመለሰው። «ፈርቼ ነው» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም ጆሮ አይደለም።»

እኔ የበሩን መቃን ይዣለሁ።

ንታቴ ራንታኦ መስሚያውን ከጆሯቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉት። «ይሄን ታዲያ ምን ልሥራበት?» አሉ።

«አንተም?» አሉ ንታቴ ስኮሳና። «እኔ ሚስቴን ሰባት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ዘይት አስጨመርኳት! ማሼጎ እየተጫወተ እኔ የማልሰማው ምን ሆኜ ነው ብዬ!»

«እኔ ከመዘምራን ወጣሁ» አሉ ንታቴ ማትላላ ቀስ ብለው። «ድምፅ አበላሻለሁ ብዬ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ!» ንታቴ ራንታኦ ጭናቸውን መቱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አባቴ አልሳቁም። ወደ ስፒከሩ ሄዱ፤ ማህላትሴ ፊቱን ሲፈታላቸው በባትሪ የሳጥኑን ውስጥ አዩ። ጽሑፉን በጣታቸው ነኩት። «የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ሸክላውን አስቀመጡና መሃል ወለሉ ላይ ቆሙ። ቤዙ መጣ።

«አሁን አጥፋው» አሉት።

ማህላትሴ አምፑን አጠፋ፣ የቀኙን ሽቦ አገላበጠ፣ መልሶ አበራ። ሙዚቃው ቀጠለ። ቤዙ የለም።

«መልሰው።»

መለሰው። ቤዙ መጣ።

«አጥፋው።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጠፋው አባቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። «ጠፋ!» ብለው ጮሁ። «ጠፋ! ለሁላችሁም ጠፋ አይደል?»

«ጠፋ!» አሉ ሽማግሌዎቹ ተነስተው። «ጭራሽ የለም!» እየተቃቀፉ፣ ባለ ሁለት ቀለም ጫማቸው ወለሉን እየመታ፣ ቤዝ በሌለው ሙዚቃ ጨፈሩ። ከዚያ የከፋ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ይስቁ ነበር፣ እኔም አለቀስኩ።

ሸክላው ሲያልቅ አባቴ ፊታቸውን ጠረጉ። «አንተ» አሉ።

«አቤት ንታቴ።»

«ሰባት እሁድ ገደልከኝ።»

«አዎ ንታቴ።»

«በስምንተኛው ደግሞ ሳትነግረኝ አስነሳኸኝ። እሱ ይብሳል።»

«አዎ።»

«ሽቦዬን እንደነበረ አድርግና ከቤቴ ውጣ።»

ማህላትሴ ሽቦውን መለሰ፣ ዕቃውን ሰበሰበ፣ እኔን ቀና ብሎ ሳያይ ወደ በሩ ሄደ። እግሩ ደፍ ላይ ሲደርስ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለአጎቶችህ ንገራቸው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው። ሙሽራ ከደብዳቤ በኋላ ደጄን ሲረግጥ የታየው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ሠራተኛ መስሎኝ ነው። አሁን ሳይደገም ውጣ!»

ማህላትሴ ሮጦ ወጣ።

ያን ምሽት ሳህን ሳጥብ አባቴ ማድረቂያ ጨርቅ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። «ቤዙ እንደጠፋ ሰምተሽ ነበር?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ሲጫወቱ አይቼ የሚሰሙ መስሎኝ ነው።»

ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አደረቁት። «እኔም እናንተ ስትነቀንቁ አይቼ ነው» አሉ።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የሌድዋባ አጎቶች ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በራችን ላይ ተሰለፉ። እኔ በወጉ መሠረት መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስጠብቅ እኩለ ቀን ሆነ። ከዚያ ተጠራሁ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ድምፃቸውን አጥርተው «ቦይፔሎ፣ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሱ እሺታዬ ነው፤ ደንቡ ደግሞ አንገት ደፍቶ በለሆሳስ መመለስ ነው። «አውቃቸዋለሁ» አልኩ በለሆሳስ።

አባቴ «አልሰማሁም» አሉ።

አጎቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀና ብዬ የአባቴን ፊት ፈለግሁ፤ ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ጢማቸው ጥጉ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አውቃቸዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ማህላትሴ ሙሽራ ነውና አልገባም፤ መንገዱ ጫፍ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እዚያ ድረስ እንደሰማኝ ዛሬም ይምላል።